የአባቴ የመራጭነት ካርድ

ሰኞ፣ ኦገስት 27፣ 1956

ሙቀቱ አልቀነሰም። ጥብቅና ቢሮዬ ውስጥ ጠዋት ሁለት የመሬት ውል፣ ከሰዓት አንድ ኑዛዜ። ማራገቢያው ተበላሽቷል፤ ወረቀቱ ሁሉ ክንዴ ላይ ይለጠፋል። ባለቤቴ ኢነዝ የቋጠረችልኝን ሩዝና ባቄላ በልቼ እዚያው ወንበሬ ላይ እንቅልፍ ጣለኝ...

አሥር ሰዓት ገደማ በጓሮ በር ሰው ገባ። አናቶል ሪሻር፣ ግንበኛው። የቤተ ክርስቲያናችንን የፊት ግድግዳ የሠራው እሱ ነው። እሑድ እሑድ ግን ከኋላ ነው የሚቀመጠው፣ ከጥቁሮቹ ጋር። "ተቀመጥ" አልኩት። በዕድሜ አሥር ዓመት ይበልጠኛል። እሱ "እርስዎ" እያለ ነው የሚያናግረኝ፣ በኛው ፈረንሳይኛ፣ በሁለታችንም አፍ መፍቻ።

ከመራጮች መዝገብ ሰርዘውታል። በጦርነቱ ጊዜ ፈረንሳይ አገር ለጦሩ ካሚዮን ሲነዳ፣ ለመኮንኖች ሲያስተረጉም የነበረ ሰው ነው። የምዝገባ ካርዱ ላይ ዕድሜን በዓመት፣ በወርና በቀን ጻፉ ይላል። በአንድ ቀን ተሳስቷል ነው የሚሉት... በአንድ ቀን።

"ስንት ሰው ተሰረዘ?" አልኩት።

"ከኛ ሰፈር ሁሉም። ከእናንተ ሰፈር ማንም።"

አስብበታለሁ ብዬ ሸኘሁት። ለምን እምቢ አላልኩም?

ማክሰኞ፣ ሴፕቴምበር 4

መዝገብ ቤት ዋልኩ። የነጮቹን ካርድ አንድ በአንድ አየሁ። ቀን የጎደለው፣ ወር የጎደለው፣ ዕድሜ ጭራሽ ያልተጻፈበት። ብዙዎቹን መዝጋቢው ራሱ ሞልቶ ስማቸውን ብቻ አስፈርሟቸዋል። እንግሊዝኛ የማያነቡ ካጁኖች ናቸው፣ እንደኛ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ነጮች። ግማሾቹ ዘመዶቼ።

ከዚያ... ዱጋ፣ ዴሲሬ። አባቴ። የዕድሜው ቦታ ባዶ ነው። ሌላው ሁሉ በመዝጋቢው እጅ ጽሑፍ። ከታች የአባባ ስም፣ የተንቀጠቀጠ።

ምዝገባው ሲታደስ ያን ቀን በመኪና የወሰድኩት እኔ ነኝ። አጠገቡ ቆሜ ነበር። መዝጋቢው "ዋናው ፊርማው ነው" ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

ካርዱን ወደ ቦታው መለስኩት።

ቅዳሜ፣ ሴፕቴምበር 15

የአናቶልን ክስ ካስገባሁ አምስተኛ ቀኔ። ፀጉሬን ልቆረጥ ሄድኩ። ሦስቱም ወንበር ባዶ ነው። "ዛሬ ሙሉ ነው፣ ኡልሪክ" አለኝ ፀጉር አስተካካዩ፣ ዓይኔን ሳያይ።

ዳኛ ቴርዮ የካርድ ግልባጭ አልቀበልም ብሏል። ባለካርዱ ራሱ ቀርቦ ይመስክር ነው የሚለው። ስድስት ሰው ለመንኩ። ስድስቱም እምቢ። የአጎቴ ልጅማ በሩን እንደያዘ "ለማን ብለህ ነው ዘመድ የምታዋርደው?" አለኝ።

የቀረኝን ሰው አውቀዋለሁ። ስሙን እዚህ መጻፍ እንኳ...

እሑድ፣ ሴፕቴምበር 23

አባባ ቤት ምሳ። የዶሮ ጋምቦ ሾርባ። ሳህኑ እስኪነሳ ጠብቄ እንዲመሰክርልኝ ጠየቅሁት።

"ሰው ሁሉ ፊት ቆሜ ማንበብ አልችልም ልበል?"

"እሱን አይጠየቁም፣ አባባ። ካርዱን ማን እንደሞላው ብቻ ነው።"

"ሸንኮራ አገዳ ቆርጬ ጠበቃ ያደረግሁህ ለዚህ ነው?"

ሰባት ዓመቴ ላይ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ተናገርክ ብለው በቆሎ ፍሬ ላይ አንበረከኩኝ። ጉልበቴ ደምቶ ቤት ስገባ አባባ ደሙን እየጠረገ "የነሱን ቋንቋ ተማር። እኛ እናፍራለን፣ አንተ አታፍርም" አለኝ።

ዛሬ ሳይሸኘኝ ቀረ።

ረቡዕ፣ ሴፕቴምበር 26

አናቶል መጣ። "ይቀመጡ" አልኩት። ካልኩ በኋላ ነው ያስተዋልኩት። እሱም ያስተዋለ መሰለኝ፤ ትንሽ ቆይቶ ነው የተቀመጠው።

የአባባን ነገር ሰምቷል። "አባትዎን ይተዉአቸው። ውርደቱን እኔ ለምጄዋለሁ። እሳቸው አልለመዱትም።"

ሲወጣ የአባባን መጥሪያ ጻፍኩ። ለአናቶል ብዬ ነው? ወይስ ያን ቀን መዝገብ ቤት ስለሳቅሁ? አላውቅም። ብቻ ጻፍኩት።

ሰኞ፣ ኦክቶበር 1

መጥሪያውን የሸሪፉ ሰው አደረሰው። ኢነዝ "አባትህን በፖሊስ?" ብላ ወጥ ቤት ገባች።

ሐሙስ፣ ኦክቶበር 11

እንደሆነው ልጻፈው።

"ሚስተር ሪሻር" ብዬ ስጀምር ዳኛው አቋረጠኝ። "እዚህ ችሎት ውስጥ ሚስተር ሪሻር የሚባል አይታየኝም። አናቶል በለው።" ደገምኩት። "ሦስተኛ ብትለው ወህኒ ታድራለህ" አለ። ከዚያ በኋላ ምንም ስም ሳልጠራ ጨረስኩ። ፈራሁ... ሌላ ምን ይባላል?

ቀጥሎ አባባ። የእሑድ ሱፉን ለብሷል። አላየኝም። የመዝጋቢው ጠበቃ አንድ ወረቀት ሰጠው። "እስቲ ያንብቡልን" አለ በእንግሊዝኛ። አባባ በፈረንሳይኛ "ምን አለ?" ብሎ ጠየቀ። የሚመልስለት ጠፋ። ዳኛው ሰምቶታል። የገዛ እናቱ አንዲት ቃል እንግሊዝኛ ሳታውቅ ነው የሞተችው። ወደ መስኮቱ ዞረ።

አባባ ወረቀቱ ይዞት እንዲሄድ የተሰጠው መስሎት ይሆናል፣ በጥንቃቄ አጥፎ ኪሱ ሊከተው ሲል ፖሊሱ ነጠቀው። ታች ነጮቹ ሳቁ። ሰገነቱ ላይ ጥቁሮቹ ተቀምጠው ነበር። ከነሱ አንድም የሳቀ የለም።

ተነሳሁ። በኛ ቋንቋ ካርዱን ማን እንደሞላው ጠየቅሁት። "በእንግሊዝኛ" አለ ዳኛው። በእንግሊዝኛ ጠየቅሁት። አባቴ አየኝ። ልጁ የሚለው አልገባውም። ካርዱን ከፍ አድርጌ አሳየሁት... ያኔ ክንዱን ዘርግቶ ወደ መዝጋቢው ጠቆመ። ጣቱን እስኪበቃው ሳያወርድ ቆየ።

እውነቱን ተናገረ። እኔ ግን ቀና ብዬ ላየው አልቻልኩም።

ዓርብ፣ ኦክቶበር 12

ተፈረደ። ሁለቱም ካርዶች ጉድለት አለባቸው፤ ሕግ ደግሞ ለሁሉም እኩል ነው። ስለዚህ አናቶል እንደተሰረዘ ይቆያል፣ ዴሲሬ ዱጋም ይሰረዛል። የሌሎቹ ነጮች ካርድ አልተነካም፤ ባለቤቶቹ አልቀረቡማ።

ደረጃው ላይ አናቶል ባርኔጣውን እያደረገ "እንግዲህ እኔና አባትዎ እኩል ሆንን" አለ። አልሳቀም። እኔም።

እሑድ፣ ኦክቶበር 21

አናቶል ሥራ አጥቷል። የስኳር ፋብሪካውን ግንብ የሚሠራው እሱ ነበር፤ ግማሽ ላይ ለሌላ ሰጡት። ሥራ ፍለጋ ቴክሳስ ሊሄድ ነው። ኒው ኦርሊንስ ባለው የፌዴራል ፍርድ ቤት አዲስ ክስ እንክፈት ወይስ ይብቃ አልኩት። "እኔ ብሄድም ስሜ እዚህ ይቆይ" አለ። እንከፍታለን።

ከቅዳሴ በኋላ አባባ ጋ ሄድኩ። በሩን ከፈተ። "ጉድ ሞርኒንግ፣ ሚስተር።" የሚያውቃት እንግሊዝኛ ይቺው ናት። ለአሜሪካኖቹ፣ ለባንኩ ሰው፣ ለሸሪፉ ነበር የሚላት።

ዘጋው።

ማክሰኞ፣ ኖቬምበር 6

የምርጫ ቀን። ድምፄን ሰጥቼ በቀጥታ አባባ ቤት። ለምን እንደሄድኩ እንጃ።

በረንዳው ላይ ነው፣ ሱፉን ለብሶ። ከአርባ ዓመት በላይ በምርጫ ቀን እንደሚለብሰው። አጠገቡ ያለው ወንበር ላይ ባርኔጣውን አስቀምጧል። ቆምኩ። ጎረቤቶቹ በመኪና ታጭቀው ወደ ምርጫ ጣቢያው ሲያልፉ እጃቸውን አወዛወዙለት። አጸፋውን አልመለሰም።

በኛ ቋንቋ "ግንበኛው የት ነው?" አለ።

"ቴክሳስ ሄደ።"

"አባቱን አውቀዋለሁ። አገዳ አብረን ቆርጠናል። አባትየውስ መርጦ ያውቃል?"

"አያውቅም፣ አባባ። አንድም ቀን።"

መንገዱን ተመለከተ። "እኔ የዛሬው ብቻ ነው የቀረብኝ" አለ። "ከጠዋት ጀምሮ እህል አልወርድልህ ብሎኛል።"

ባርኔጣውን አንስቶ ጉልበቱ ላይ አደረገው። ተቀመጥኩ። አሁንም ዓይኑ መንገዱ ላይ ነው።

"ኒው ኦርሊንስም ልትከስ ነው አሉ። እዚያ የምፈለግ ከሆነ መጥሪያ አትላክብኝ" አለ። "ራስህ መጥተህ ውሰደኝ።"