እሺ እስኪሉን አንቀመጥም

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 16፣ 1998

ስህተቱ የእኔ ነው። ሦስት ጊዜ መላልሼ አየሁት፣ ሦስቱንም ጊዜ የእኔ ነው። የጥናቱ ገጽ አሥራ ሰባት፣ ሠንጠረዥ አራት። ከዚያ በኋላ ምሳዬን መብላት አቃተኝ።

እስቲ ልጻፈው፣ ሲጻፍ ምናልባት ያንስ ይሆናል። ቢሮአችንን የቀጠሩት በምሥራቁ ጠረፍ ያሉ ትናንሽ የባሕር ዳር ከተሞች ናቸው። ከባሕራቸው ሥር ነዳጅ መውጣት ጀምሯል። ጥያቄያቸው አንድ ነው፦ ከገቢው ለማዕከላዊው መንግሥት በሚሄደውና ለክፍለ ሀገራችን በሚቀረው መካከል ሚዛኑ ትክክል ነው ወይ? ሂሳቡን የሠራሁት እኔ ነኝ። መልሱ «በቂ ይደርሳችኋል» ሆኖ ወጣ። አለቃዬ ሚስተር ዳግላስም መደምደሚያውን በዚያ ላይ ጻፈ።

ግን ክፍለ ሀገሩ የነዳጅ ገንዘብ ባገኘ ቁጥር ኦታዋ ያለው ማዕከላዊ መንግሥት ድሮ ይሰጠው የነበረውን ድጎማ ይቀንስበታል። ያንን ቅናሽ ረስቼዋለሁ። ያ ሲታሰብ፣ በአንድ በር የገባላቸው አብዛኛው በሌላው በር ይወጣል። ድሆቹን ጠገባችሁ ብዬ ጽፌያለሁ ማለት ነው።

ጥናቱ ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ፋክስ ይደረጋል። የእኔ ኮንትራት ደግሞ በወሩ መጨረሻ ያልቃል። አለቃዬ ቋሚ ካደረገኝ የሥራ ደብዳቤ ይጽፍልኛል፣ በደብዳቤው ልጃችንን ሰላምን ስፖንሰር አድርገን እናስመጣታለን። አዲስ አበባ እህቴ ጋ ናት። ስንለያት ስምንት ዓመቷ ነበር፣ አሁን አሥራ አምስት ሆናለች።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17

ባስ ውስጥ የምናገረውን ተለማመድኩ። አንደኛ፦ «ሚስተር ዳግላስ፣ አንድ ነገር ላሳይህ።» ሁለተኛ፦ «ትንሽ ማስተካከያ አለች።» ሦስተኛ፦ ዝም ማለት።

ጠዋት ራሱ ዴስኬ ድረስ መጣ። «ሁሉ ነገር ደህና ነው?» አለኝ። «ደህና ነው» አልኩት። አፌ እኔን ሳይጠይቅ ነው የመለሰው።

በአሥር ዓመት ይበልጠኛል እንዳይባል፣ በዕድሜ እኔ ነኝ የምበልጠው። በስሜ ብቻ ጥራኝ ይላል፣ አልሆንልኝ አለ። አለቃ ሲባል እፈራለሁ። አገር ቤት፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሳለሁ፣ ጨው በሚወጣበት አገር ላሉ ሰዎች ከጨው ገቢው ትንሽ ይቅርላቸው የሚል ማስታወሻ ጽፌ ነበር። አንድ ገጽ ተኩል። የመሥሪያ ቤቱ ካድሬ አነበበውና ፈገግ አለ። ስምንት ወር ታሰርኩ። ያ ፈገግታ እስከ ዛሬ አልወጣልኝም።

ይሄ ሌላ አገር ነው። አውቃለሁ። ሆዴ ግን አያውቅም።

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 18

ዛሬ ከእነዚያ የጠረፍ ከተሞች የአንዷ ከንቲባ ደወሉ። አለቃዬ ስላልነበረ እኔ አነሳሁት። አሮጊት ናቸው፣ ድምፃቸው ጎርነን ይላል። ጥናቱ ምን እንደሚል ቢጠይቁኝ «ዓርብ ይደርስዎታል» አልኳቸው። «ዓሣው ካለቀ ወዲህ ልጆቻችን እናንተው ጋ፣ ቶሮንቶ ገቡ» አሉ። «ነዳጁ ይመልስልናል ብለን ነበር። እንግዲህ ተስፋችን እናንተ ናችሁ።»

አመስግነው ዘጉት። ምኔን እንዳመሰገኑ አላውቅም።

ቤት ገብቼ ለሚስቴ ለሙሉ ነገርኳት። ከሥራ ገና መምጣቷ ነው፣ ጫማዋን እንኳ አላወለቀችም። እስከ መጨረሻው ሰማችኝና «ንገረው» አለች። ፈራሁ አልኳት። «ከሥራ ያባርርሃል ብለህ ነው ወይስ ያስርሃል ብለህ?» አለች። ሁለቱንም ነው መሰለኝ።

ሐሙስ፣ ፌብሩዋሪ 19

ዛሬም አልተናገርኩም። ሁለት ጊዜ አለቃዬ በር ድረስ ሄጄ፣ ሁለት ጊዜ ሽንት ቤት ገባሁ።

ይባስ ብሎ ሚስቴ ነገሩን ለጋሽ ወርቁ ነግራቸዋለች። ጋሽ ወርቁ እዚሁ ቶሮንቶ፣ ስካርቦሮ ያሉ የሰፈራችን ሽማግሌ ናቸው፣ ያላስታረቁት ባልና ሚስት የለም። የቅዳሜውን የቅበላ ቅርጫ የሚያከፋፍሉትም እሳቸው ናቸው። ከገበሬ አንድ በሬ በጋራ ገዝተናል፣ ሥጋው በእሳቸው ጋራዥ ይመደባል።

ማታ ደወሉልኝ። ሂሳቡን አስረዳኝ አሉ፣ በስልክ አስረዳኋቸው። «ገባኝ» አሉ። «እኔ ጋራዤ ስለሚቆሽሽ ከመደቤ ሌላ አንድ ቅልጥም ይጨመርልኛል። እናንተ ቅልጥሙን ሰጥታችሁ፣ ዞር ስል ከመደቤ ያንኑ የሚያህል ሥጋ ብታነሱብኝ፣ ያው ነው አይደል? አንተ ደግሞ ቅልጥሙን ብቻ ቆጥረህ ወርቁ ተጠቀመ ብለህ ጻፍክ።»

ሁለት ወር ሙሉ ሠርቼ እንዲህ አጥርቼ አላየሁትም።

«እንግዲህ ሽማግሌ ይላካል» አሉኝ። እባክዎ ጋሽ ወርቁ፣ እዚህ አገር እንደዚህ አይደረግም፣ ነገ እኔው እነግረዋለሁ አልኳቸው። «እሺ» አሉ። እሺታቸው አላማረኝም።

ዓርብ፣ ፌብሩዋሪ 20

ነገሩን ከመጀመሪያው ልጻፈው።

ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ቀና ስል ጋሽ ወርቁና ሌላው ሽማግሌ አቶ ኃይሉ ከቢሮአችን የመስተዋት ግድግዳ ማዶ ያልፋሉ። ጥቁር ካፖርት፣ በላዩ ነጠላ፣ ጫማቸው ላይ በረዶ። አቶ ኃይሉ ከዘራቸውን ይዘዋል። ቀጥ ብለው ሚስተር ዳግላስ ክፍል ገቡ። ተከትዬ ሮጥኩ።

ስደርስ አለቃዬ ወንበር እየሳበ ተቀመጡ ይላቸዋል። እነሱ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ እጅ ነስተው ቆመዋል። ደግሞ ተቀመጡ አላቸው። ቆመዋል። ፊቱ ተለዋወጠ፣ እጁ ወደ ስልኩ ሄደ። ጥበቃ ሊጠራ ነው ብዬ በመሀላቸው ገባሁ።

«መጣህ? እንግዲያው አስተርጉም» አሉኝ ጋሽ ወርቁ። «የመጣነው ስለ አንድ ልጃችን ነው። እሺ እስኪሉን አንቀመጥም በልልን።»

አስተረጎምኩ። የገዛ ሽምግልናዬን እኔው አስተረጎምኩ።

«ልጃችን አጥፍቷል። የደበቀው በክፋት አይደለም፣ በፍርሃት ነው። እሱ የሚፈራው እርስዎን አይደለም ጌታዬ፣ በፊት የነበሩትን አለቆቹን ነው።» ይህንንም አልኩ። አለቃዬ «የማን ልጅ?» አለ። አርባ ስድስት ዓመቴ ነው።

ከዚያ ስለ በሬው፣ ስለ ጋራዡ፣ ስለ ቅልጥሙ ተናገሩ። አንዲት ሳልዘል በእንግሊዝኛ ደገምኩት። አለቃዬ ስልኩን ለቀቀና እጁን አጣምሮ ያዳምጥ ጀመር። በመጨረሻ ጋሽ ወርቁ ከኪሳቸው ብጣሽ ወረቀት አወጡ፣ የሚስቴ የሙሉ ጽሕፈት ነው። «ገጽ አሥራ ሰባት፣ ሠንጠረዥ አራት» ብለው አነበቡ።

ወረቀቱን ተቀብዬ መላልሼ አየሁት። «በል እንጂ» አሉኝ አቶ ኃይሉ።

«ገጽ አሥራ ሰባት» አልኩ። ቀጥዬም ጋሽ ወርቁ ያላሉትን ጨመርኩ። «የሠራሁት እኔ ነኝ። የድጎማውን ቅናሽ አላስገባሁም። ከሰኞ ጀምሮ አውቄያለሁ።»

አለቃዬ ጥናቱን ከፋክሱ አጠገብ አንስቶ ገጹን ገለጠ። ብዙ አነበበ። «ዛሬ አይላክም። ሰኞ እንነጋገራለን» አለ። ወደ ሽማግሌዎቹ አይቶ «አሁን እባክህ ተቀመጡ በላቸው» አለኝ።

«እሺ አለ?» አሉ ጋሽ ወርቁ።

«ግማሽ እሺ ነው» አልኳቸው።

«እንግዲያው ግማሽ እንቀመጣለን» አሉና ሁለቱም የወንበሩ ጫፍ ላይ ጉብ አሉ። ቡና ቢሰጣቸው አንጠጣም አሉ። ግማሽ እሺ ቡና አያስጠጣም።

ቅዳሜ፣ ፌብሩዋሪ 21

ቅርጫው ተከፈለ። መደቡ እኩል፣ ዕጣውም የተጣለው በስማችን። ለጋሽ ወርቁ ቅልጥማቸው ሲጨመር አንዱ ለቀልድ «ከመደባቸው ይነሳ» አለ። ሁሉም ሳቁ፣ ወሬው ለካ ዳንፎርዝ ድረስ፣ ሐበሻው ሰፈር ደርሷል። እኔ መሳቅ አልቻልኩም። እጄ ላይ ያለው ሥጋ ከበደኝ። ሙሉን ተቆጣኋት፣ ወዲያው ደግሞ ይቅርታ ጠየቅኳት። እሷ ባትኖር እስካሁን ሽንት ቤት ውስጥ ነበርኩ።

እሑድ፣ ፌብሩዋሪ 22

ሰላም ጋ ደወልን። «አባዬ፣ ደብዳቤው ወጣ?» አለች። በዚህ ሳምንት ይታወቃል አልኳት። ስለ ግማሽ እሺ ለልጅ እንዴት ይነገራል። እንግሊዝኛ እያጠናች ነው፣ «ኔቨር ማይንድ፣ አባዬ» አለችኝ፣ ግድ የለም ማለቷ ነው። እህል ከአፌ አልገባም፣ ጾሙን በዋዜማው ጀመርኩት።

ሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 23

ይህን የምጽፈው እዚሁ አለቃዬ ክፍል ውስጥ፣ ደብተሬን ፋይል ካቢኔቱ ላይ አስደግፌ ነው።

ሠንጠረዥ አራትን በእርሳስ እንደገና ሠርቶታል። ቅዳሜና እሑድ ቁጭ ብሎ ነው የሠራው። «እየው» አለኝ። አየሁት፣ ትክክል ነው። መደምደሚያውን ሰርዞ ሌላ ጽፏል፦ ባሕሩ የእነሱ ነው፣ አደጋውም የእነሱ ነው፣ የሚሰጣቸው ግን በሌላ እጅ ይወሰድባቸዋል። ለከንቲባዋ ራሱ ደውሎ ጥናቱ የዘገየው በቢሮው ስህተት ነው ብሏቸዋል። በቢሮው ነው ያለው። ስሜን አላነሳም።

ከዚያ ወንበሩን አሳየኝ። «ተቀመጥ፣ ስለ ኮንትራትህ እንነጋገር።»

አልተቀመጥኩም። ምን እንደነካኝ አላውቅም። «ልጄ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው» አልኩት። «ደብዳቤውን እሺ እስክትለኝ አልቀመጥም።»

አየኝ። ወንበሩን አየ። ሊስቅ ነው ወይስ ሊቆጣ ብዬ ፊቱን ስመረምር፣ ያ የካድሬው ፈገግታ አልነበረበትም። «የቢሮውን ሸሪኬን ሳልጠይቅ አልችልም። ጠብቀኝ» ብሎ ወጣ።

ሃያ ደቂቃ ሆነው። ጾም ላይ ነኝ፣ ወንበሩም እዚሁ አጠገቤ ነው። ኮሪደሩ ላይ ኮቴ ይሰማኛል። ቆሜያለሁ።