ጓንቱ ከፒያኖው ሥር መሆኑን በምን አወቅሽ

ጽዮን፣
ከሰዓት ውሃ ይመጣል ብለዋል፣ ጀሪካኖቹን እንዳትረሺ።

የአባቴን የጣሊያን ፊልም ካሴት ቪዲዮ ዴኩ ውስጥ ትቼልሻለሁ። ትናንት መብራት ጠፍቶ ስላቋረጠን ዛሬ ጨርሺው። እንዲህ ልብ የሚያንጠለጥል የድሮ የወንጀል ፊልም አሁን ተፈልጎም አይገኝ።

ግን መጨረሻውን ታውቂዋለሽ።

መርማሪው ቤቱን መፈተሽ ሳይጀምር «የገዳዩ ጓንት ከፒያኖው ሥር ነው» አልሽኝ። በምን እንዳወቅሽ ብጠይቅሽ «ገመትኩ» ብለሽ ሳቅሽ። እኔ እንኳ የማውቀው በልጅነቴ አባቴ አራዳ በነበረው ቪዲዮ ቤቱ ሲያሳየው አይቼ ነው። እሱ ከሞተ ወዲህ ካሴቱ እስከ ትናንት ከተቆለፈው ሳጥኔ ወጥቶ አያውቅም።

ሳጥኑ ውስጥ፣ ካሴቱ ላይ ተደርበው ደግሞ የሱሀይብ ደብዳቤዎች አሉ። ወንድሜ ዐብዱልከሪም ስልኬን ስለሚፈትሽ ሱሀይብ በወረቀት ነው የሚጽፍልኝ።

ጠዋት ስትታጠቢ ቦርሳሽን ከፈትኩ። ነውር መሆኑን አውቃለሁ። የሳጥኔን ቁልፍ የሚመስል ቁልፍ አገኘሁ።
አልሞከርኩትም። መልሼዋለሁ።

ደብዳቤዎቹን ካላነበብሽ፣ አዘዞ ዘመድ ልጠይቅ ሄጃለሁ።
ካነበብሽ የት እንደሄድኩ፣ እንደማልመለስም ታውቂያለሽ። ዐብዱልከሪም መጥቶ ሲጠይቅሽ ግን ምንም አታውቂም።

ፈህሚያ