አባትህና ዐረፍተ ነገሮቹ

ይድረስ ለልጄ፣

እጅህ የነካው ሁሉ ይቃናልህ፤ የሰው አገር ብርድ አይድፈርህ። እኛ ደህና ነን፤ ይህም ደህና ከተባለ። የደረጃው መብራት እንደተቃጠለ ነው፤ ጉልበቴም እንደዚያው። አክስትህ በየቀኑ ብቅ ትላለች። አባትህ ያጣውን ንግግር ያገኘችው እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ስትሮኩ ምላሱን ከያዘበት ወዲህ፣ ዕድሜውን ጋራዥ ውስጥ ሲጮህ የኖረው ሰው እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ ሆኗል። አንዲት የንግግር ሐኪም ቤት እየመጣች አንድ ዐረፍተ ነገር ትሰጠዋለች፤ እሱ በዚያው አምሳል የራሱን ይሠራል። እሷ በማትመጣበት ቀን የማስጠናው እኔ ነኝ። ስንጨርስ ሁለታችንም ድንጋይ ስንፈልጥ የዋልን እንመስላለን።

ባለፈው «ልጁ ኳስ ይወዳል» አለችው። ላቡን ጠራርጎ፣ «ሚስቴ... ጭቅጭቅ ትወዳለች» አላት።

«እሰይ አባባ! ሙሉ ዐረፍተ ነገር!» ብላ አጨበጨበች። እውነት ነው ወይ ብሎ እኔን የጠየቀኝ የለም።

ትናንት ደግሞ «ልጄ ነገ ይመጣል» የሚል ሰጠችው። እሱም ቃል በቃል ደገመው።

«አባባ፣ የእኔን መድገም አይደለም፤ የራስዎን ይበሉ እንጂ።»

«ይሄ... የራሴ ነው» አላት።

እኔ መስኮት ልዘጋ ተነሳሁ። መስኮቱ ዝግ ነበር።

ና አልልህም፤ የሥራህን ነገር አውቃለሁ። ስልኩን እሱ ሲያነሳ ግን «እማዬ የለችም እንዴ?» አትበለው። አጠር ያለ ነገር ንገረውና ጠብቀው። መልሱ ይዘገያል፤ መስመሩ የተቋረጠ እንዳይመስልህ። ለዚህ የሚሆን ትዕግሥት ፈጣሪ ይስጥህ፤ ከእኔ እንዳላካፍልህ አልቆብኛል።

እናትህ