የአባባ ጀልባ ሁለተኛ ወንበር

ይድረስ ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ጋሼ፤

እንደምን ሰነበትክ? ያ የወገብ ሕመም ተወህ ወይስ አሁንም ጎንበስ ባልክ ቁጥር ይይዝሃል? ባለቤትህስ፣ ልጆቹስ ደህና ናቸው? እኛ ከሐሳብ በቀር ደህና ነን። ሐሳቡም የአባባ ነውና ሳትስቅ አንብብልኝ።

አባባ አውቶቡስ መንዳት ካቆሙ ወዲህ ቁጭ ማለት አላስቻላቸውም። በክረምቱ መግቢያ ያንተን የድሮ ክፍል አስለቅቀው ሳንቃ አስገቡበት። «ምን ሊሠሩ ነው?» ብላቸው፣ «ጀልባ፤ ለጊዜ ማሳለፊያ» አሉኝ። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ምንም ነገር አላምራቸው ብሎ ነበርና ደስ አለኝ። ግን እስቲ አስበው፤ ፊታቸውን ሲታጠቡ እንኳ ውሃ የሚያስበረግጋቸው ሰው ጀልባ!

ቀጥሎ በሩን መቆለፍ አመጡ። ውስጥ መላጊያው ይፋጫል፣ የሙጫው ሽታ ወጥ ቤት ድረስ ይመጣል፤ እኔ ብቅ ስል ጸጥ። አንድ ቀን የሰፈራችን ግንበኛ የክፍልህን ግድግዳ በሜትር ሲለካ አገኘሁት። ሲያየኝ ሜትሩን ኪሱ ከተተና ስለ ዝናቡ ያወራኝ ጀመር። ቤቱን ሊሸጡት ነው ብዬ ልቤ ስንጥቅ አለ። ማዶ ያለችው ልብስ ሰፊም፣ ያቺ እትዬ መርፌ የምንላት ባሏ የሞተባት፣ ሸራ ይዛ ትገባለች፣ ባዶ እጇን ትወጣለች። ሰላምታዋ ሁሉ አጠረብኝ።

አላስችል ሲለኝ እራት ላይ አፍረጥርጬ ጠየቅኋቸው። እስኪያስላቸው ሳቁ። «ቤቴን ሸጬ የት ልገባ? ጀልባዋ በበሩ አልወጣ ብላኝ ነው እንጂ! መጀመሪያ መለካቱን ረሳሁት» አሉ። እውነትም በማግስቱ ግድግዳው ፈረሰ። ጀልባዋ ስትወጣ ግን ሁለት ወንበር አየሁባት፤ አንደኛው ትራስ አለው። ለማን ይሆን የሚል ሌላ ጥርጣሬ ገባኝ።

ቅዳሜ ጭነን ሐይቁ ዳር ወሰድናት። አባባ ገብተው እጃቸውን ሲዘረጉ እኔ ጫማዬን አወለቅሁ። «አንቺ ቆዪ ልጄ፤ ትራሱን የሰፋችው ትቀመጥበት» አሉኝ። ከኋላችን የመጣችው እትዬ መርፌ ቀሚሷን ሰብስባ ገባች። እኔ በባዶ እግሬ ዳር ቀረሁ። መሀል ሲደርሱ አባባ መቅዘፉን ተዉ። ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ ይታየኛል፣ ድምፃቸው አይሰማኝም። እሷ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

ጀልባዋ ውሃ ታስገባለች፤ ሲመለሱ ሱሪያቸው ርሷል። «ሰፈሩ ሁሉ ጆሮ ነው። ታገቢኛለሽ ወይ ብዬ የምጠይቅበት ቦታ አጥቼ ነው» አሉኝ፣ ዓይኔን ሳያዩ። እሷም ወደ ጎን ጎትታኝ፣ «መልስ አልሰጠኋቸውም። አንቺ ከልብሽ እሺ ካላልሽ አይሆንም ብያቸዋለሁ» አለችኝ። እንዳልዋሽህ፣ አላቀፍኋትም። እናታችን ፊቴ ላይ ድቅን አለችብኝ። ከዚያን ቀን ወዲህ አባባ ጠዋት ጠዋት ፊቴን ያዩና ወደ ሻያቸው ያቀረቅራሉ።

አንተንም እጠረጥርሃለሁ። በስልክ ጀልባዋ ውሃ ላይ ዋለች ብዬ ሳልጨርስ፣ «ትራሱስ አልራሰም?» አልከኝ። ስለ ትራሱ ማን ነገረህ? ስጠይቅህ ሥራ አለብኝ ብለህ ዘጋኸው። ስታውቅ ከርመህ ከሆነ ተቀይሜሃለሁ፤ ቢሆንም ጻፍልኝ።

ትናንት መቅዘፊያው የላጠውን የአባባን መዳፍ ቅባት ስቀባላቸው፣ እጃቸው እንደ ልጅ እጅ ዝም ብሎ ተሰጠኝ። ነገ ማዶ ተሻግሬ እሺ እላታለሁ። ልቤ ገና አልተሻገረም፤ እግሬ ይቅደም።

ባለቤትህን ሰላም በልልኝ። ፈላስፋውን ትልቁን ልጅህን በትምህርቱ እንዲበረታ ንገረው፤ ትንሿን እምቢተኛ ልጅህን ጉንጯን ሳምልኝ። አባባም ሰላም ብለውሃል።

እህትህ
ከቤታችን፣ ኅዳር 8 ቀን