ፊትዎ በደንብ ያልታየበት ቲሸርት

ለተከበሩ አቶ ሸዋንዳኝ ጎሹ፣
የ«አብሮነት» የሻርጃና የአጅማን የጉዞ ማኅበር ሊቀመንበር፣ የጉዞ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የበጀት ኃላፊ፣ እንዲሁም ሌላ ሰው ስላልተገኘ የቁጥጥር ክፍል ተጠሪ፤
ሻርጃ

ጉዳዩ፦ ለሁለተኛው ዙር የማስቀት ጉዞ መዋጮ እንድከፍል ስለመጠየቄ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ጤናዎ እንደምን ከርሟል? በዚህ ክፉ የወረርሽኝ ዘመን እርስዎን የመሰለ ሰው ያለ አንዳች ጉንፋን ያቆየልን አምላክ የተመሰገነ ይሁን። ባለፈው ሳምንት በማኅበሩ ገጽ ላይ በለቀቁት ፎቶግራፍ ማስክዎን ከአገጭዎ በታች አውርደው ተነሥተዋል፤ ፊትዎ እንዲታይ ብለው መሆኑ ስለገባኝ አልተቀየምሁም። እኔ የሺመቤት እባላለሁ፤ ጁሜይራ ውስጥ በሰው ቤት ተቀጥሬ የምሠራ፣ በስብሰባ ጊዜ ሁልጊዜ ከበሩ ሥር የምቀመጠው ነኝ። ካላስታወሱኝም ችግር የለም፣ በቃለ ጉባኤው ላይ «ልዩ ልዩ» ከሚለው ሥር ሰፍሬ እገኛለሁ።

በዚሁ ገጽ ላይ ያወጡትን ሪፖርት በአክብሮት አነበብሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት ታቅዶ የነበረው የማስቀት ጉዞ «ከአቅም በላይ በሆነ ምክንያት፣ በኮሮና ወረርሽኝ ሳቢያ» እንደተስተጓጎለ ገልጸው፣ ለአዲሱ ጉዞ ሁላችንም መዋጮ እንድንከፍል ጠይቀዋል። ድንቄም ኮሮና! ይህ በሽታ ስንቱን ገድሎ፣ ስንቱን ሥራ አሳጥቶ፣ አሁን ደግሞ የእርስዎን ሸክም ተሸክሞ ሊሄድ ነው። በሽታም ቢሆን ስሙ በሐሰት ሲጠፋ ዝም ማለት ግፍ መስሎ ስለታየኝ ይህን ግልጽ ደብዳቤ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

እርስዎ የግል ጉዳይ አይወዱም። ይሁን እንጂ አዲስ የገቡት አባላት እንዲያውቁት፣ እኔ ወደዚህ ማኅበር የገባሁት ለሽርሽር አልነበረም። ማስቀት ውስጥ እታገኘሁ የምትባል ታላቅ እህት አለችኝ። እናታችን ስትሞት እኔን አሳድጋ፣ አስተምራ፣ ከኮምቦልቻ መናኸሪያ ተሳፍራ ስትሄድ እኔ ገና ሹሩባ የምሠራ ልጅ ነበርሁ። ከዚያ ወዲህ እሷ ኢጃዛ፣ የዓመት ዕረፍት፣ አግኝታ አገር ስትገባ እኔ እዚህ፣ እኔ ስገባ እሷ እዚያ እየሆንን አንድም ቀን ሳንገናኝ ቀረን። በመካከላችን ያለው መንገድ ግን የግማሽ ቀን የአውቶቡስ መንገድ ነው። የስኳር በሽታ ዓይኗን መብላት ሲጀምር ሐኪሙ የዓይኗ ብርሃን እንደማይመለስ ነገራት። እሷም ደውላ፣ የማውቀው የልጅነት መልክሽን ነው፣ ሳይጨልምብኝ አንድ ጊዜ ልይሽ አለችኝ። እኔ የፈለግሁት ይህንኑ ነበር፤ እህቴ ዓይኗ ሳይጠፋ ፊቴን እንድታይ። እንግዲህ ቅሬታዎቼን በቅደም ተከተል እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፦ ስለ በጀትዎ ጥበብ። ገንዘብ ያዣችን ናርዶስ አጅማን በተከራየችው ቢድ ስፔስ፣ ማለትም ባለ ተደራራቢ አልጋ የጋራ ክፍል ውስጥ፣ እኛ በታችኛው አልጋ ላይ እንደ ዶሮ ተደርድረን፣ እርስዎ በቤቱ ባለችው ብቸኛ ወንበር ላይ ተሰይመው በጀቱን ሲያነቡ ዛሬም በጆሮዬ አለ። ከሁሉ በፊት ቲሸርት፤ ከዚያ ባነር፤ ከዚያ ቪዲዮ የሚቀርጽ ባለሙያ፤ ከዚያ ለቅበላ የሚታረዱ ሁለት በጎች፤ በመጨረሻም፣ ፍሉስ ከተረፈ፣ አውቶቡስና ቪዛ። ናርዶስ እንደ ሞኝ እጇን አውጥታ፣ ጋሼ፣ ቪዛ ሳይኖረን ቲሸርቱን የት ልንለብሰው ነው ብላ ጠየቀች። እርስዎም ሌሎች ማኅበራት ተውበው ሲመጡ እኛ የገረድ ጉዞ አንሄድም ብለው መለሱላት። ክፍሉ ውስጥ ከእርስዎ በቀር ገረድ ያልሆነ ሰው አልነበረም። ያም ሆኖ አጨበጨብን። ያጨበጨብሁበትን እጅ እስካሁን ይቅር አላልሁትም።

ሁለተኛ፦ ስለ ቲሸርቱ። ለአዲሶቹ አባላት ላስረዳ፤ በማኅበራችን ደንብ የቲሸርቱ ፊት የማኅበሩ ስም፣ ጀርባው ደግሞ የሊቀመንበሩ ፎቶግራፍ ነው። ከዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ ማተሚያ ቤት ቲሸርቱ ታትሞ የመጣው ልንሄድ ጥቂት ቀን ሲቀረን ነበር። ቪዛችን በኋላ ኋላ ወጥቷል፣ አውቶቡሱ ተይዟል፤ እኔም ዓመቱን ሙሉ ዕረፍቴን ሳልወጣ ሠርቼ ከአሠሪዬ ከማዳም ዓርብና ቅዳሜን ተቀብያለሁ፤ እህቴም ከምትጦራቸው አሮጊት አስፈቅዳ ትጠብቀኛለች። እርስዎ ግን ቲሸርቱን ከመብራት ሥር ዘርግተው፣ አገላብጠው፣ አጥቁረውኛል፣ ፊቴ በደንብ አይታይም አሉ። ሁሉም ወደ ማተሚያ ቤት ይመለስ፣ ጉዞውም በአንድ ሳምንት ይራዘም ብለው ወሰኑ። እንደ እውነቱ ከሆነ ፎቶግራፉ ቁርጥ እርስዎን ነበር፤ ጥፋቱም ይኸው ሳይሆን አይቀርም።

ያን ዕለት ከበሩ ሥር ተነሥቼ ለመንሁዎት። ቲሸርቱን ገልብጠን እንልበሰው፣ ወይም በላዩ ጃኬት እንደርባለን፣ ብቻ እንሂድ አልሁ። የእህቴን ዓይን ነገርሁዎ፤ በጉባኤ ፊት አለቀስሁ። ከእንባዬ ይልቅ ሰዓቱ አሳስቦዎት፣ የግል ጉዳይ በማኅበር ስብሰባ አይነሣም፣ ደግሞም በዚህ ዘመን በቪዲዮ መተያየት እያለ ምን ያስለቅሳል ያሉኝ እርስዎ ነዎት። ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ። የስልክ መብራት ለታመመ ዓይን እንደ ጭጋግ መሆኑን፣ እህቴ በስልኩ ላይ የምታየው አንድ ነጭ ብልጭታ ብቻ መሆኑን፣ ከፊቷ ቁጭ ያለ ሰው ግን በቀን ብርሃን ይለይላት እንደነበር ለማስረዳት ጊዜ አልሰጡኝም። አጀንዳው ብዙ ነበር፤ የባነሩ ቀለም ገና አልተወሰነም።

ሦስተኛ፦ ስለ በጎቹ። ሳምንቱ ሲገፋ፣ ጉድ በል ጎንደር፣ ዐቢይ ጾም ገባ! ከፊደል ተራ ያልዘለለ ሰው እንኳ በእጁ ያለውን የቀን መቁጠሪያ ገልጦ ያያል፤ እርስዎ ግን በበጀት ተጠምደው ነበርና ሁዳዴ ሳያስፈቅድዎ ገባብዎ። እኛ ሽሮ እንበላለን፣ ቆሎ ይዘን እንሄዳለን፣ ውኃ ጠጥተንም ቢሆን እንመለሳለን አልን። እርስዎ የበጎቹ ቀብድ ለማስቀቱ ሰውዬ ተከፍሏል፣ በጀት የጸደቀለት ሥጋ ሳይበላ ሊቀር አይችልም፣ ሥጋ የሌለበት ጉዞም ለማኅበሩ ክብር አይመጥንም አሉ። ስለዚህ ጉዞው ለፋሲካ ማግስት ተላለፈ። እኔ በዕድሜዬ ሰው በበግ ምክንያት ሲቀር ያየሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ላም አለኝ በሰማይ ሲባል እሰማ ነበር፤ በግ ያለውን ደግሞ ከእርስዎ ተማርሁ።

ጾሙ ሳይጋመስ ድንበሩ ተዘጋ። ከዚያ በኋላ ያለውን እርስዎም ያውቁታል፤ እኛ የሰው ቤት ሠራተኞች ከበር ውልፍት ሳንል፣ የገበያ ከረጢት በመድኃኒት ስናጥብ፣ እጃችን ሲላጥ ከረምን። ማዳም ከሱቅ የመጣው ዕቃ ሁሉ በሦስት ውኃ ካልታጠበ ኸላስ፣ ከደጅ ጣዪው ትለኝ ነበር። እህቴ በየሳምንቱ ትደውላለች። መጀመሪያ መስኮቱ ይታየኛል አለች፤ ቆይታ ብርሃኑ ይታየኛል አለች፤ ኋላ ስለ ዓይኗ ማውራት ተወች። እኔም መጠየቅ ተውሁ።

አራተኛ፦ ይህን ቁጥር ለእርስዎ ይቅርታ ክፍት ትቼዋለሁ። ሲመችዎት ይሙሉት፤ ቦታው ከጠበበብዎት ባነሩን መጠቀም ይችላሉ።

አምስተኛ፦ ስለ ሪፖርትዎ። ክቡር ሆይ፣ የቅበላው ዓርብ ድንበሩ ክፍት ነበር። አውቶቡሱ ነበር፣ ቪዛው ነበር፣ ማስክ የሚያደርግ ሰው አልነበረም። እህቴም ያን ዕለት ዓይኗ ያይ ነበር። ያን ዓርብ በአልጋዬ ላይ ተቀምጬ የያዝሁትን ሻንጣ ስፈታ፣ እሷ ከአሮጊቷ ቤት በር ላይ ወንበር አውጥታ አውቶቡስ ስትጠብቅ ውላለች፤ እንደማልመጣ ብነግራትም ምናልባት ሐሳባቸውን ይቀይሩ ይሆናል ብላ ነው። ስለዚህ ያስቀረን ኮሮና አይደለም። ያስቀረን የእርስዎ ፊት ነው። ይህችን አንዲት ዐረፍተ ነገር በሪፖርቱ ላይ እንዲያስተካክሉልኝ እለምናለሁ፤ ሌላው ሁሉ እንዳለ ይቆይ፣ «ደማቅ ዝግጅት» የሚለውም ቢሆን።

አሁን ባለፈው ወር የሆነውን ልንገርዎትና ደብዳቤዬን ልቋጭ። እርስዎ ዐረቦች ለሰው አያዝኑም፣ እኛ ለእኛ ነን እያሉ ሲመክሩን የኖሩ ሰው ነዎት። የእኔ ማዳም ማስቀት ለዘመዷ ሠርግ ስትሄድ፣ ልጆቹን እንድይዝላት አፍንጫዬን አስመርምራ፣ ወረቀቴን አስጨርሳ በመኪናዋ ይዛኝ ሄደች። ቲሸርት አላሳተመችም። እህት እንዳለችኝ ስነግራት አድራሻውን ተቀብላ፣ ዋላሂ ለምን እስካሁን አልነገርሽኝም ብላ ተቆጥታ፣ ራሷ አድርሳኝ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ለቀቀችልኝ። እውነቷን ነው፤ ለምን እንዳልነገርኋት አስቤ አስቤ መልሱን አላጣሁትም። ሊቀመንበር አለን ብዬ ነበር።

እህቴ በር ላይ ወንበሯን አውጥታ ተቀምጣ ነበር። ከፊቷ ቆምሁ፤ ዓይኗ ወደ እኔ ዞሮ አለፈኝ። የሺ ነኝ አልኋት። እጇን ዘርግታ ፊቴን ስትፈልግ መጀመሪያ ያገኘችው ማስኩን ነው፤ ይኼ ምንድን ነው፣ አውልቂው አለችኝ። አወለቅሁት። ግንባሬን፣ ቅንድቤን፣ አገጬን እየዳሰሰች፣ ቀልተሻል ወይስ ጠቁረሻል፣ የእማዬን ጥርስ ወርሰሻል ወይ እያለች ስትጠይቀኝ ዋለች። እኔም ስለ ራሴ መልክ ስነግራት ዋልሁ። እናታችንን እመስል እንደሆነ አላውቅም፤ ትመስያለሽ የምትለኝ እሷ ብቻ ነበረች። አዎ እመስላለሁ አልኋት። በዚህ ወር መጨረሻ ለሁልጊዜው አገር ትገባለች።

እንግዲህ በዚህ አጋጣሚ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ለሁለተኛው ጉዞ ያወጡትን በጀት ተመልክቼዋለሁ፤ ቲሸርቱ ዘንድሮም በመጀመሪያው ተራ ላይ ነው፣ ያውም ባለ ሁለት ፎቶግራፍ ሆኗል። ሰው ከስሕተቱ የማይማር ከሆነ ቢያንስ በአቋሙ ይጸናል፤ ለጽናትዎ አድናቆቴ ይድረስዎ። መዋጮውን አልከፍልም። ከአባልነትም በገዛ ፈቃዴ ለቅቄያለሁ፤ ይህንንም «ልዩ ልዩ» ውስጥ እንዲያሰፍሩልኝ አደራ እላለሁ። ለእናንተ ለእህቶቼ ግን የምለው አለኝ፤ በዚያ አልጋ ላይ ከተደረደራችሁት መካከል ዘመዱን ለማየት የሚጓዝ ሰው ካለ አስቀድሞ ቪዛውን ያውጣ፣ ደግሞም አሠሪውን ይጠይቅ፣ ሊቀመንበር አይጠብቅ።

ረጅም ዕድሜ፣ የማይደበዝዝ ፎቶግራፍ፣ ጾም የማይገባበት የቀን መቁጠሪያ እየተመኘሁልዎ፣ ከበሩ ሥር ሆኜ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
የሺመቤት፣ የእታገኘሁ እህት
ጁሜይራ፣ ዱባይ

ግልባጭ፦
— ለማኅበሩ አባላት በሙሉ
— ለገንዘብ ያዣችን ለናርዶስ፣ ቪዛ ይቅደም ብላ ስለነበር
— ሁለተኛ ጊዜ ላተመልን ማተሚያ ቤት፣ መጀመሪያውንም ስላልተሳሳተ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ቲሸርቱን ለብሳው አታውቅም ብለው እንዳያዝኑብኝ። ያን ዕለት ማስቀት፣ ዳግም ታትሞ የታደለንን እሱኑ ነበር የለበስሁት። እህቴ ጀርባዬን ስትደባብስ የታተመውን ነካችና ማን ነው አለችኝ። ማንም አይደለም አልኋት። ማየት ስለማትችል አመነችኝ።