የሞቀው ጠርሙስ

ዓርብ

ጠርሙሱ ሞቆ ነበር። ቤት ገብቼ ጫማዬን ሳወልቅ ነው ትዝ ያለኝ። በረዳትነት በምሠራበት ትምህርት ቤት ለሰኞ የላብራቶሪ ክፍለ ጊዜ ሰልፈሪክ አሲድ በውሃ አቅጥኜ ስጨርስ እጄን አሞቀኝ። አምስት ነጥብ ስድስት ሚሊ አሲድ አንድ ሊትር ውሃ እንደዚያ አያሞቅም። ስሌቱን ደግሜ ሠራሁት። የአሲዱን ጥንካሬ ከአሥራ ስምንት ሞላር ወደ ዜሮ ነጥብ አንድ ለማውረድ፣ አምስት ነጥብ ስድስት። ልክ ነው። ታዲያ ምን አሞቀው?

ቅዳሜ

አወቅኩት። የአሥር ሚሊዋ መስፈሪያ ማክሰኞ ተሰብራለች። ትናንት የሰፈርኩት በመቶዋ ነው። ዓይኔ ግን የለመደውን አየ፤ ከግማሽ ትንሽ አለፍ። በትንሿ አምስት ነጥብ ስድስት፣ በትልቋ ሃምሳ ስድስት። አሥር እጥፍ። ወይስ አላደረግኩትም? ልጆቹ ደግሞ አሲዱን በቀጭን የመስታወት ቱቦ በአፋቸው ነው የሚስቡት። እኛም የተማርነው እንደዚያው ነው። አንዱ አብዝቶ ቢስብስ?

ትምህርት ቤት ሮጥኩ። ጥበቃው ጋሽ ደገፋ፣ "ቁልፉ ኃላፊሽ አቶ ግርማ ጋ ነው፣ ልጄ። ሰኞ አይደርስም?" አሉኝ።

እሑድ

ከሀና ማርያም በእግሬ ፉሪ፣ ጋሽ ግርማ ቤት ሄድኩ። ለቅሶ ሄደዋል። መልእክት ልተው ብዬ እስክሪብቶ አወጣሁና መልሼ ከተትኩት። ቅጥሬ ሊጸና ሁለት ሳምንት ነው የቀረው፤ የሚፈርሙልኝ እሳቸው ናቸው። ፈሪ ነኝ። ከዓርብ ጀምሮ እህል አልወርድ ብሎኛል። እናቴ "ምን ሆንሽ?" ትላለች። ምን ልበላት?

ሰኞ

ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በሩ ላይ ነበርኩ። ጋሽ ግርማ ሲከፍቱ ተከትዬ ገባሁ። ከአሲዱ አሥር ሚሊ ቀዳሁ፣ ጠቋሚውን ቀለም ጨመርኩ፣ አሲድ የሚያመክነውን ቤዝ ጠብ ጠብ አደረግኩበት። ሃያ ሚሊ ላይ ሮዝ መሆን ነበረበት። ሃያ አለፈ። ሠላሳ። የሞላሁት ሃምሳ ሚሊ አለቀ፣ ሮዝ የሚባል የለም። ልጆቹ ውጭ ተሰልፈዋል።

"ጋሽ ግርማ፣ ይሄ አሲድ አሥር እጥፍ ነው። እኔ ነኝ ያጠፋሁት።"

አልተቆጡም፤ ያ ይበልጥ አስፈራኝ። ቱቦዎቹን ሰብስበው ቆለፉባቸው። ልጆቹን አስገቡና ሰሌዳው ላይ ጻፉ፦ በአምስት ነጥብ ስድስት ፋንታ ሃምሳ ስድስት ሚሊ ቢገባ ኮንሰንትሬሽኑ ስንት ይሆናል?

ፊት የተቀመጠች ልጅ ቀድማ ጨረሰች። "አንድ ሞላር። ግን ቲቸር፣ እንዲህ የሚሳሳት ማን ነው?" ክፍሉ ሳቀ። እኔ ከኋላ እጄን አወጣሁ።

ጋሽ ግርማ ስለ ቅጥሬ እስካሁን ምንም አልተነፈሱም። ቤት ስገባ ግን እናቴ ያቀረበችልኝን ጠርጌ በላሁ።