የማህሌት ጥላ

ሐሙስ፣ ሜይ 15፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

ዛሬ ቅናት አንጀቴን ሲበላው ዋለ።

ለአንድ የበረሃ ከተማ የምንሠራው የትልቅ ፓርክ ዲዛይን ጸደቀ። ያስጸደቀው ግን የባልደረባዬ የማህሌት ስህተት ነው። አርሊንግተን ያለው ቢሯችን ውስጥ ሐበሻ እኔና እሷ ብቻ ስለሆንን፣ ረቂቁ ላይ በአማርኛ ነው የምንጻጻፈው። ባለፈው ሳምንት የእግረኛው መንገድ ዳር «እዚህ ጥላ ይብዛ» ብዬ ጻፍኩላት። እኔ የድሬዳዋ ልጅ ነኝ፤ ጥላ ስል ዛፍ ማለቴ ነው። እሷ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ ጥላ ሲባል የሚታያት ዝናብ ነው። መንገዱን ሙሉ ግዙፍ ጃንጥላ ደርድራበት መጣች!

በሳቅ ልፈነዳ ነበር። አለቃችን ግን ከወንበሩ ብድግ አለ። «ዛፉ እስኪያድግ ሰው በምን ይጠለላል ብዬ ስጨነቅ ነበር» አለና እዚያው የፕሮጀክቱ መሪ አደረጋት። እኔ ስድስት ዓመት የጠበቅኩትን ቦታ!

ማህሌት ጭራሽ ወደኔ እየጠቆመች «ሐሳቡ እኮ የሷ ነው፤ እኔ የጻፈችልኝን ነው የሣልኩት» አለች። ከልቧ ነው፤ እሱ ነው ያናደደኝ። ሁሉም ወደኔ ዞሮ አጨበጨበ። እኔም ዛፍ ማለቴ እንደነበር ዋጥ አድርጌ ፈገግ አልኩ። ሹመቱ ግን እሷው ጋ ቀረ።

ስንወጣ ዝናቡ ይወርዳል። ማህሌት ጥላዋን ዘረጋችና «ነይ ግቢ እንጂ፣ ምን ትጠብቂያለሽ?» አለችኝ።

አልገባሁም። እስከ ሜትሮ ባቡሩ ጣቢያ ድረስ በስብሼ ሄድኩ።